ሥዕልና ሽልማት፦ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ያለ ዱላ ስለማስተማር

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የፕሮግራማችን ተከታታዮች! ስለ ልጆች ተርቢያ ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ሲጠሩት «አቤት» የሚለውን፣ ሲመክሩት የሚመለሰውን ልጅ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስሙ ሲጠራ ዞር ስለማይለው ልጅ ነው። በሮቤም ሆነ በጎባ፣ በዲንሾም ሆነ በዙሪያው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት አለ። አምስት ዓመት ሞልቶት አይናገርም። የድስት ክዳን እያሽከረከረ ይውላል። መስጂድ ሲወስዱት የድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ይንጫጫል። በስንዴ አጨዳ ወቅት ኮምባይነር በደጅ ሲያልፍ የገዛ እጁን ይነክሳል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጓዳ ይገባል፤ በሩም ይዘጋበታል።

ሰዉ የሚሰጠው ስም ብዙ ነው። አንዱ «ባለጌ ነው፣ ዱላ ያስፈልገዋል» ይላል። ሌላው «ጂን ነክቶታል» ይላል። ሦስተኛው ጣቱን ወደ እናትየው ይቀስራል። በዚህ መሀል ልጁ ይመታል፤ አንዳንዴም ይታሰራል። እኛ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚህን ልጆች ለማስተማር የሠለጠኑ መምህራን ክፍላቸው ውስጥ ያለ ዱላ የሚሠሩት እንዴት ነው? ከእነርሱስ ለቤታችን ምን እንወስዳለን?

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘና ከሕፃንነት የሚጀምር ሁኔታ ነው። ሕክምናው ዓለም በስሙ ለይቶ መግለጽ የጀመረው ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ጋር በንግግርና በዓይን መግባባት ይከብደዋል። አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ ይወዳል። የለመደው ሥርዓት ሲቀየርበት ይጨነቃል። ድምፅ፣ ብርሃን፣ የልብስ ሸካራነት ለእርሱ ከእኛ ይልቅ ይበረታበታል፤ ወይም ከነጭራሹ አይሰማውም። ልጆቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። የሚናገርና በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ቃል የማያወጣም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት ወይም የአንድ ጎሳ ጉዳይ አይደለም። በሽታ እንደሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ወቅት ምዕራባውያን ራሳቸው «እናቶች ልጆቻቸውን ስላላቀፉ ነው» ብለው እናቶችን ይከሱ ነበር፤ ይህ ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል። ክትባት ያመጣዋል የሚለውም ወሬ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ አንድ ጽሑፍ ነበር፤ ያሳተመው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

እኛ ሙስሊሞች በጂን መኖር እናምናለን። ነገር ግን በጂን ማመን ማለት ምክንያቱን ያላወቅነውን ነገር ሁሉ በጂን ማሳበብ ማለት አይደለም። በልጁ ላይ ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው። መግረፍ፣ በጭስ ማፈን፣ በገመድ ማሰር ግን ሩቅያ አይደለም፤ በደል ነው። ልጁ ለጥሪ የማይመልስ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ወስዳችሁ ጆሮውን አስመርምሩ፤ የማይሰማ ልጅም እንዲሁ ዞር አይልምና። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታም ያለባቸው ጥቂት ስላልሆኑ ልጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። የታዘዘለትንም መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

በአገራችን የተጀመረው ሥራ

በኢትዮጵያ ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያ የሆነውን ማዕከል የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ በጥቂት ልጆች ጀመሩ። የፊደላችንን ድምፆች ለእነዚህ ልጆች ለማስተማር «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ዘዴም አዘጋጅተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር አላቆሙም። ሌሎች ወላጆችም ተሰባስበው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል።

ችግሩ ግን ሰፊ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ 102 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነበር። ከተጠየቁት መካከል ወደ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ይህ በዋና ከተማዋ ነው። ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚህ ተነስቶ ልጁን በየሳምንቱ ወደዚያ ሊያመላልስ የሚችል ገበሬ የለም። ይሁንና በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ከሚሠራባቸው ነገሮች ትልቁን ክፍል በካርቶን፣ በእርሳስና በቆርኪ በየቤታችን መጀመር ይቻላል። የዛሬው መልእክታችንም ይኸው ነው።

ለምን ሥዕል?

ቃል ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል። ሥዕል ግን ቆሞ ይጠብቃል። እናት «ተነስና እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ቁርስ ብላ፣ ከዚያ ጫማህን አድርግና እንሂድ» ስትል ለሌላው ልጅ ቀላል ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን አራት ትእዛዝ እንደ ጎርፍ አንድ ላይ ይመጣበታል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ይፈራል። ሲፈራ ይጮኻል፤ ሲጮህ ይመታል።

ኤሪክ ሾፕለር የተባሉት ምሁርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ያስፋፉት የማስተማር ሥርዓት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ልጁ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅ በዓይኑ እንዲያይ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የተባሉ ባለሙያዎች ልጁ የፈለገውን ነገር ሥዕል ለሰው በመስጠት የሚጠይቅበትን ዘዴ አወጡ። ውኃ ሲጠማው ከመጮህ የኩባያ ሥዕል ለእናቱ ይሰጣል፤ እናቱም ወዲያው ውኃ ትሰጠዋለች። «ሥዕል ካስለመድነው መናገር ይተዋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥናቶች ያሳዩት ግን ሥዕሉ ንግግርን እንደማያዘገይ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን ያግዛል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰውን ልጅ፣ አጀሉንና ረጅም ምኞቱን ለሰሓቦች ሲያስረዱ አራት ማዕዘንና መስመሮች አስምረው እንዳሳዩ በቡኻሪ ተዘግቧል። በዓይን ማሳየት የነቢያችን የማስተማር መንገድ ነበር ማለት ነው። በመድረሳችንም ልጅ ቁርኣንን በጆሮው ብቻ ሳይሆን ሎሑን እያየ ነው የሚማረው።

በቤት እንዴት ይጀመራል?

አንደኛ፦ ከልጁ ቀን ውስጥ የሚያስቸግራችሁን አንድ ሰዓት ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ ጠዋት ከመኝታ እስከ ቁርስ ያለውን ውሰዱ።

ሁለተኛ፦ ሁለት ካርድ አዘጋጁ። በግራ በኩል «መጀመሪያ»፣ በቀኝ በኩል «ከዚያ» ይሁን። መጀመሪያ የውኃ ጆግ፣ ከዚያ የሚወደው ነገር። እያሳያችሁ በአጭር ቃል ብቻ «መጀመሪያ መታጠብ፣ ከዚያ ክዳን» በሉት። ብዙ አትናገሩ።

ሦስተኛ፦ ይህን ሲለምድ ካርዶቹን ጨምራችሁ ከላይ ወደ ታች በግድግዳ ላይ ደርድሩ። በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ መስቀልም ይቻላል። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ካርዱን አንስቶ «አለቀ» በተባለ ካርቶን ውስጥ ይክተተው። ማለቁን በእጁ ሲጨብጠው ይረጋጋል።

አራተኛ፦ ሥዕል የማይገባው ልጅ አለ። ለእርሱ ዕቃውን ራሱን አሳዩት። ጫማ ሲያይ መውጣት፣ ኩባያ ሲያይ መጠጣት፣ መስገጃ ሲያይ ሶላት መሆኑን ይለምዳል።

አምስተኛ፦ ነገር የሚቀየር ከሆነ አስቀድማችሁ በሥዕሉ ላይ ቀይሩት። ጎባ ወዳለችው አክስቱ ልትወስዱት ከሆነ የባጃጅ ካርድ ከመነሳታችሁ በፊት ይሰቀል። ሳያውቀው ባጃጅ ውስጥ ከጎተታችሁት መንገዱን ሙሉ ይጮኻል፤ በእርሱም አይፈረድም።

የባሌ ልጅ በቤቱ ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ ይሰማል። የኩባያ ሥዕል ግን በሦስቱም ቋንቋ ኩባያ ነው። ስለዚህ የቤታችሁን ቋንቋ አትተዉ፤ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሥዕል መጠቀማችሁን ብቻ አረጋግጡ።

«ሥዕል አይከለከልም ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሳችን ይህ ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአሻንጉሊቶች ትጫወት እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልከለከሏት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑለማኦችም ከዚህ ተነስተው ለልጆች ጨዋታና ትምህርት የሚውለውን ፈቅደዋል። ጥንቃቄ የሚሻ ሰው ደግሞ ችግር የለበትም፤ ጆግ፣ ጫማ፣ ኩባያ፣ መስገጃ ሁሉም ሕይወት የሌላቸው ዕቃዎች ናቸው።

ሽልማት ወይስ ጉቦ?

አባቶች የሚነቅፉት ይህን ክፍል ነው። «ልጅ መታዘዝ ያለበት ለከረሜላ ነው እንዴ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነውና እንመልሰው።

ጉቦ የሚሰጠው ልጁ መጮህ ከጀመረ በኋላ ዝም እንዲል ነው። ሽልማት ግን አስቀድሞ ተነግሮ፣ ልጁ መልካሙን ከሠራ በኋላ ይሰጣል። ሲጮህ ብስኩት የሚሰጠው ልጅ የተማረው ነገር ቢኖር መጮህ ብስኩት እንደሚያመጣ ነው። እጁን ታጥቦ ብስኩት የተሰጠው ልጅ ግን መታጠብን ተምሯል። ብስኩቱ አንድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሁለት ነው። አላህም (ሱ.ወ) ባሮቹን በመልካም ሥራ ላይ ምንዳ ቃል በመግባት ያነሳሳቸዋል። የመዲና እናቶችም ትናንሽ ልጆቻቸውን የዐሹራእን ጾም ሲያስለምዱ፣ ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ መግሪብ ያደርሱት እንደነበር በሁለቱ ሶሒሖች ተዘግቧል።

በክፍል ውስጥ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። አንድ ካርቶን ላይ አምስት ክብ ይሣላል። ልጁ የተነገረውን ባደረገ ቁጥር አንድ ቆርኪ ይቀመጥለታል። አምስቱ ሲሞሉ የሚወደውን ያገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ወይም በሁለት ቆርኪ ጀምሩ፤ ሩቅ ከሆነ ተስፋ ይቆርጣል። የሚከተሉትንም ጠብቁ።

ሽልማቱን የሚመርጠው ልጁ ነው። ለአንዱ የድስት ክዳን ማሽከርከር፣ ለሌላው በአባቱ ትከሻ ላይ መውጣት፣ ለሌላው አንድ እፍኝ ቆሎ ሊሆን ይችላል። ምግቡንና ውኃውን ግን ከልክላችሁ መሸለሚያ አታድርጉት፤ እርሱ ሐቁ ነው።

ሽልማቱ ወዲያው ይሁን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛው ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው አዘዋል። ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ሽልማት ጠዋት ከተሠራው ሥራ ጋር በልጁ አእምሮ አይገናኝም። ስትሰጡትም ምክንያቱን ንገሩት፤ «እጅህን ስለታጠብክ ነው» በሉት።

ያገኘውን ቆርኪ በጥፋቱ አትቀሙት። ሠርቶ ያገኘው ነው።

ቃል ከገባችሁ ፈጽሙ። አንዲት እናት ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ተብሎ ይጻፍባት እንደነበር አሳወቋት። ይህንን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ንግግር ለማይገባው ልጅ ደግሞ የተፈጸመ ቃል ብቻ ነው ቋንቋው። አንዴ ከተታለለ ካርዱን አያምነውም።

ልጁ ነገሩን ሲለምድ ሽልማቱ እየራቀ፣ ምስጋናውና መታቀፉ በቦታው እየገባ ይሄዳል። ቆርኪው መሰላል ነው፤ ቤቱ ከወጣን በኋላ መሰላሉን አንሸከመውም።

ሲጮህና ሲመታስ?

በመጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ። ጥሩ መምህር ሦስት ነገር ይመዘግባል። ከመጮሁ በፊት ምን ነበር? ምን አደረገ? ከዚያ በኋላ ምን አገኘ? አንድ ሳምንት ስትመዘግቡ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ አንድ ነገር ፈልጎ፣ ከከበደው ነገር ለመሸሽ፣ ሰው እንዲያየው፣ ወይም ሰውነቱ የሚሰማው ነገር በዝቶበት ወይም አንሶበት። ጥርሱን ወይም ሆዱን አሞት መናገር ያቃተው ልጅም አለና ጠባዩ ድንገት ከተቀየረ አስመርምሩት።

ነገር ፈልጎ ከሆነ የሚጠይቅበትን ሥዕል ስጡት። ሥራ ከብዶት ከሆነ «እረፍት» የሚል ካርድ አስተምሩት። ድምፅ በዝቶበት ከሆነ ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጁለት፤ ይህ ጥግ መጠጊያው እንጂ መቀጫው አይሁን። ዱላ ከእነዚህ ለአንዱም መልስ አይሆንም። የሚመታ ልጅ መምታትን ይማራል፤ የሚጠይቅበትን ቃል ግን አይማርም። አነስ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለአሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሏቸው መስክረዋል። አነስም ልጅ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። በጩኸት ያገኝ የነበረውን ስትከለክሉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይብሳል። ሶብር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እናት ስትጸና አያት አዝነው በጓሮ በኩል ብስኩቱን ከሰጡት የሳምንቱ ልፋት ይፈርሳል። ስለዚህ አያትም፣ ታላቅ እህትም፣ ሠራተኛም ካለች እርሷም አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ተስማሙ። አያትን «እማማ፣ ሲጮህ ሳይሆን ካርዱን ሲሰጥዎት ይስጡት» ብትሏቸው እርሳቸውም የመስጠትን ደስታ አያጡም።

የመስጂዱና የትምህርት ቤቱ ድርሻ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። እኛ ኢማሞች ከዚህ የምንማረው አለ። አንድ ልጅ በኋለኛው ሰፍ ቢጮህ አባቱን በዓይናችን አናሳቀው። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ቦታ እናዘጋጅለት። የዉዱእ ቅደም ተከተል በሥዕል ተሠርቶ ከቧንቧው በላይ ቢለጠፍ ለሁሉም ልጅ ይጠቅማል። አእምሮው ያልደረሰለት ሰው ቀለም እንደተነሳለት በሸሪዓችን የታወቀ ነው። ስለዚህ የማይችለውን አናስገድደው፤ የሚችለውን ግን አንከልክለው። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር ፈልገው በመጡበት ጊዜ ፊት ስለተዞረባቸው ነው። ሊማር የመጣን ሰው ከበር መመለስ አላህ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ በዚህም እነዚህ ልጆች የመማር መብት አላቸው። የተባበሩት መንግሥታት በየዓመቱ መጋቢት 24 የሚታሰበውን የኦቲዝም ቀን እ.ኤ.አ. በ2007 የወሰነው በሙስሊሟ አገር በቀጠር ሐሳብ አቅራቢነት ነበር። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ በቤት የምትጠቀሙበትን ካርድና የቆርኪ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ሠላሳና አርባ ተማሪ ለያዘ መምህር «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ከማለት ይልቅ «ይህን ስታሳየው ይቀመጥልሃል» ማለት የበለጠ ይረዳዋል። የመድረሳ ኡስታዞችም እንዲሁ ጠይቁ፤ ዱላውን ከማንሳታችሁ በፊት ልጁ የተባለውን ያልሰማ ይሁን ያልገባው ለዩ።

ውድ አድማጮቻችን! ሥዕልና ቆርኪ ኦቲዝምን ያጠፋሉ አላልንም፤ አያጠፉም። ልጁ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲያውቅ፣ የፈለገውን እንዲጠይቅ፣ ከጓዳ ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ እንዲቀርብ ያግዛሉ። ልጅ አማና ነው። የማይናገረው ልጅ ደግሞ የበለጠ አማና ነው፤ ስለተበደለው በደል ለማንም አቤት ማለት አይችልምና። ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ ካርቶን ቁረጡና ሁለት ሥዕል ሣሉ። ነገ ጠዋት በእርሱ ጀምሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ለእነዚህ ልጆች እዝነቱን ያውርድላቸው፤ ለእናቶቻቸውና ለአባቶቻቸው ሶብርን ይስጥልን፤ እኛንም በራቸውን ከሚዘጉባቸው ሳይሆን ከሚከፍቱላቸው ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።